በኢድሪስ ኮምፒውተር ብቻ የተከፈተው ሲዲ

ወዳጄ፣ ስለ መንፈስና ስለ ጥላ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ስለሆነ የተበላሸ ነገር ሁሉ ወይ ሽቦው ተበጥሷል ወይ አቧራ ገብቶበታል ብዬ ነው የማስበው፣ ይሄን የማወራህም አምኜበት ሳይሆን ስለደረሰብኝ ብቻ ነው።

ያኔ ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። የባለቤቴ የብርቱካን ታናሽ እህት ጎንደር ላይ ስታገባ እኛ አልሄድንም፣ የመኖሪያ ወረቀታችን ስላላለቀ ድንበሩን አንዴ ከተሻገርን መመለሻ የለንም፣ ደግሞም በሠርጉ ዕለት ብርቱካን ወባ ይዟት አልጋ ላይ ነበረች፣ ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ ስቀያይር የዋልኩት እኔው ራሴ ነኝ፣ ይሄን ያዝልኝ።

ቆይቶ የሠርጉ ሲዲ በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር እጅ መጣልን። ሱቅ ወስጄ ኮምፒውተሬ ውስጥ ከተትኩት፣ ዝዝዝ ብሎ ዞረ፣ ቀጭ ቀጭ አለና ቆመ። በሌላው ኮምፒውተር ሞከርኩት፣ ያው ነው። ከመሃል ወደ ዳር በለስላሳ ጨርቅ ጠረግኩት፣ የማንበቢያውን ሌንስ በአልኮል አጸዳሁ፣ በመጨረሻም ማንበቢያውን ራሱን ፈትቼ በሌላ ቀየርኩት፣ እምቢ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል፣ ቀጂው ቸኩሎ ከቀዳው ወይም መጨረሻውን በደንብ ሳይዘጋው ከቀረ አንዱ ማሽን ያነበዋል ሌላው አያነበውም፣ ምንም ተአምር የለውም።

ብርቱካን ግን ቤት በገባሁ ቁጥር "ዛሬስ ተከፈተ?" እያለች መቀመጫ አሳጣችኝ፣ አንድ ቀን ደግሞ "ለምን ለኢድሪስ አትወስድለትም?" አለችኝ። ኢድሪስ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ የከፈተ፣ አባቱ የሁመራ ሰው፣ እሱ እዚሁ የተወለደ፣ ደንበኞቼን አንድ በአንድ የወሰደብኝ መልከ መልካም ጎረምሳ ነው፣ ስሙን ከእሷ አፍ ስሰማ ከየት አወቀችው አልኩ በልቤ። ቢሆንም ወሰድኩለት።

ከምሳ በኋላ ነበር፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት የሚከትበት ሰዓት። ኢድሪስ ሲዲውን ሲከተው ወዲያው ተከፈተ፣ እመነኝ፣ ቀጭ እንኳ አላለም። እኔ በቅናት ከንፈሬን ነክሼ ማሽኑን ሳይ እሱ ፈገግ ብሎ፣

"ወላሂ ያ አኹይ፣ ወንድሜ፣ ሚስትህ አምሮባታል" አለኝ።

"ሚስቴን የት ታውቃታለህ?"

"እዚህ ሰፈር ማን የማያውቃት አለ? ይቻትና፣ አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰችው።"

አየኋት። ከሙሽሮቹ ጀርባ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትስቃለች፣ ጉንጯ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር፣ ራሷ ብርቱካን ነች፣ አረንጓዴ ቀሚስ ግን የላትም፣ ኖሯትም አያውቅ። አጠገቧ ግራጫ ኮት የለበሰ ሰው ክንዱን በወንበሯ መደገፊያ ላይ ጣል አድርጓል፣ ወደ እሷ ስለዞረ ፊቱ አይታይም። ካሜራው እነሱ ጋ ሲደርስ ዘፈኑ ጥፍት ይልና ሰው ሲተነፍስ የመሰለ ድምፅ ብቻ ይቀራል።

"ድምፅ ማጉያህ ነው እንዴ?"

"ላ፣ አይደለም፣ እሱ ደህና ነው" አለ ኢድሪስ፣ እሱም ፈገግታው ጠፍቶ ነበር።

ምን ልበልህ፣ መፍራት ሲገባኝ ቀናሁ፣ እዚያ እንዴት ደረሰች ብዬ ሳይሆን ይሄ ሰውዬ ማነው ብዬ ነው የተቃጠልኩት። በሌላ ሲዲ ቅዳልኝ አልኩት፣ ቀዳልኝ፣ ይዤው ወደ ሱቄ ሮጥኩ። ቅጂው በእኔ ማሽን ተከፈተ። ሠርጉ ያው ነው፣ ሙሽሮቹ ያው ናቸው፣ ሰውዬውም አለ፣ ብርቱካን ግን የለችም። ክንዱን በባዶ ወንበር ላይ ዘርግቶ ባዶውን ወንበር ያጫውታል።

ቤት ሄጄ ምንም ሳልነግራት "ሲዲው ተከፍቷል፣ ነይ" አልኳትና ይዣት ወደ ኢድሪስ ተመለስኩ። የመጀመሪያውን ሲዲ ከፈተልን። ብርቱካን እህቷን ስታይ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ አክስቶቿን በስም እየጠራች አሳየችኝ። አረንጓዴው ቀሚስ ሲመጣ ፊቷን ሰረቅ አድርጌ አየሁት።

"ያቺ አንቺን አትመስልም?" አልኳት።

"እኔን? ሂድ ወዲያ! እኔ መቼ እንዲህ ስቄ አውቃለሁ!"

እውነቷን ነው፣ ከእኔ ጋር እንደዚያ ስቃ አታውቅም፣ ይሄኛው ከሁሉ ይልቅ አንጀቴን አቃጠለው።

ዘፈኑ ጠፋ፣ ያ ትንፋሽ መጣ። ሰውዬው ወደ ሴትየዋ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ አንድ ነገር ሹክ አላት፣ ድምፁ አይሰማም። በዚያች ቅጽበት፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ብርቱካን፣ የእኔዋ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀችና "እሺ" አለች።

ኢድሪስ ደንግጦ አየኝ። እሱም ሰምቷል።

መንገድ ላይ "ምኑን ነው እሺ ያልሽው?" ብዬ ጠየቅኳት።

"እኔ? መቼ ተናገርኩ?" አለችኝ፣ የምትዋሽ አትመስልም ነበር።

ይሄው አብረን አለን፣ ትሠራለች፣ ትጫወታለች፣ አንድም ነገር አጎደለችብኝ አልልህም። እኔ ግን ከሥራ ስመለስ በሩን ቶሎ አልከፍትም፣ ደጃፉ ላይ ቆም ብዬ መጀመሪያ ድምጿን አዳምጣለሁ፣ ውስጥ መኖሯንና ብቻዋን መሆኗን እስካረጋግጥ።