የአባቷ ገጽ

ለአንድ ክሊኒክ በተላከ ፕሮፖዛል ውስጥ «ለተከበረው ሆቴልዎ እንግዶች የሚመቹ አልጋዎች» የሚል ዓረፍተ ነገር የተገኘ ዕለት፣ አጎቷ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ አፈጠጠ።

«ይኼ ዕቃ ካንቺና ከኔ አንዳችንን ሳይገድል አይለቅም!» አላት።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ብቻ አልነበረም። እሷ አጎቷ በሚመራው የእንጨት ሥራ ድርጅት ውስጥ ለደንበኞች የሚላከውን ፕሮፖዛል የምታዘጋጅ ነች፤ አናጢዎቹ «እሜቴ ሰነድ» ይሏታል። አዲስ ሥራ ሲመጣ የድሮውን ፕሮፖዛል ገልብጣ፣ ስሙንና ዋጋውን ቀይራ ትልካለች። ጥድፊያ በበዛበት ቀን ታዲያ የድሮው ደንበኛ አንድ ጥግ ተደብቆ ይቀራል። አጎቷ የተሻለ የፕሮፖዛል ማዘጋጃ ሶፍትዌር መርጣ እንድታቀርብ አንድ ወር ሰጣት።

ሁለት ሻጮች መጡ። የመጀመሪያው የዋጋ ዝርዝሩን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ሁለተኛው ግን እንደ መጀመሪያው ቶሎ የሚሄድ ዓይነት አልነበረም። ጫማው ላይ የመጋዝ ብናኝ ሲወርድበት እንኳ አያራግፍም። «የሠላሳ ቀን ነጻ ሙከራ» የምትለው ቃል ከአፉ ስለማትጠፋ አናጢዎቹ «ሙከራው» ብለው ስም አወጡለት።

በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ፣ ፕሮፖዛሎቿን ሶፍትዌሩ ውስጥ እያስገባ አጠቃቀሙን ያሳያታል። እሷ ደግሞ ሁለቱን ሶፍትዌሮች የምታወዳድርበት ሰንጠረዥ አዘጋጅታ ነጥብ ትሰጣለች።

«ስንት ሰጠሽኝ?» አላት አንድ ቀን፣ አንገቱን አስግጎ።

«ላንተ አይደለም፤ ለሶፍትዌሩ ነው።»

«እሺ፣ ለሶፍትዌሩስ?»

«ለፍጥነት ዘጠኝ፣ ለአጠቃቀም ስምንት።»

«ለሻጩ ዓምድ የለሽም እንዴ?»

«ለሻጩ ገና አልወሰንኩም» አለችና ፈገግታዋን እንዳያይባት ፊቷን ወደ ስክሪኑ አዞረች። እሱ ግን አየባት።

ከፕሮፖዛሎቿ ሁሉ የማትቀይራት አንዲት ገጽ ነበረች። ስለ አባቷ ናት። ድርጅቱን የመሠረተው እሱ ነበር፤ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ገጿ የምትለው ብዙ አይደለም፦ ይህ አናጢ ጠረጴዛ ሠርቶ ሲጨርስ መዳፉን በሥሩ ሳያሳልፍ ለማንም ሸጦ አያውቅም።

ሙከራው ያቺን ገጽ ያነበበ ዕለት ወሬውን አቋርጦ ደግሞ አነበባት።

«ለምን ሥሩን?» አላት። «ሰው የሚያየው ላዩን ነው እኮ።»

እሷም ለማንም ያልነገረችውን፣ የትም ያልጻፈችውን ነገረችው። አባቷ መጀመሪያ በሠራው ጠረጴዛ ሥር ስትጫወት ስንጥር ሌባ ጣቷ ውስጥ ገባ። አምስት ዓመቷ ነበር። አባቷ በመርፌ ሲያወጣላት እጁ ተንቀጠቀጠበትና አቆሰላት።

«ከኔ ይልቅ እሱ ነው ያለቀሰው» አለችው። «ከዚያ ወዲህ ነው በሥሩ ማሳለፍ የጀመረው።»

ጣቷን ይዞ ጠባሳዋን አየ። ምንም አላለም። በዚያ ዝምታው ውስጥ ልቧን ሙሉ በሙሉ አስረከበችው፤ እንዲህ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ወንድ አጋጥሟት አያውቅማ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ፍቅር እንደያዛት ድርጅቱ ሁሉ ሲያወራ እሷ ማንም ያወቀ አልመሰላትም። አጎቷ «አማቼ ዛሬ ቀረ እንዴ?» እያለ ያበሽቃታል። ሙከራው ራሱ በሃያኛው ቀን ቁርጡን ተናገረ።

«ወሩ ሲያልቅ፣ እሁድ፣ እናቴን ይዤ እናትሽ ቤት እመጣለሁ። ያኔ የምሸጠው ነገር አይኖረኝም።»

እናቷ ቤቱን ቀለም አስቀባች።

ሃያ ስድስተኛው ቀን ላይ የአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ስልክ ደወሉ። ለአራት መቶ ተማሪ ጠረጴዛ የሚያሠሩ ናቸው፤ ፕሮፖዛል ልካላቸዋለች።

«የኔ ልጅ፣ ብቅ ብትዪ» አሏት። «ሁለት ድርጅቶች አንድ አባት ይዘው መጥተውብኛል።»

ሄደች። ሴትዮዋ ሁለቱን ፕሮፖዛሎች ጎን ለጎን ዘርግተው ጠበቋት። አንደኛው የሷ፣ ሁለተኛው የሌላ፣ ስሙን እንኳ ሰምታ የማታውቀው ድርጅት። በዚያኛው ሁለተኛ ገጽ ላይ «መሥራቻችን» የሚባል ሰው መዳፉን በጠረጴዛ ሥር ያሳልፋል።

«ይኼኛው ነው ቀድሞ የደረሰኝ» አሉ ርእሰ መምህርቷ፣ የሌላውን እየጠቆሙ። «እንግዲህ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ሌባ ናችሁ።»

መጀመሪያ ለመከላከል ቸኮለች፤ ራሷን ሳይሆን ሙከራውን። ምናልባት ሶፍትዌሩ ራሱ ስቶ ገጿን ለሌላ ሰው ልኮ ይሆናል፣ ማሽን ነው አለች በልቧ። ከዚያ በዓይኗ ወደ ታች ወረደችና «የመሥራቻችን የአምስት ዓመት ልጅ ጣት ውስጥ ስንጥር በገባ ጊዜ» የሚለውን አነበበች። ክው አለች። ይህን ማሽን አልሰማም። ይህን የሰማ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጠባሳ ያለባትን ጣቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ርእሰ መምህርቷ መነጽራቸውን አድርገው ጣቷን አዩ፤ ወረቀቱን አዩ፤ ደግመው ጣቷን አዩ።

«ይበቃኛል» አሉና ቀስ ብለው እጇን መለሱላት። «ማነው የኔ ልጅ እንዲህ ያደረገሽ?»

ትእዛዙን የአጎቷ ድርጅት አገኘ። አጎቷ ጨፈረ። እሷ ግን ደስታው ከጎረቤት እንደሚሰማ ዘፈን ሆነባት።

በማግስቱ ሙከራው እየሳቀ ገባ።

«ከናሙናዎቻችሁ መሀል አባቴን አገኘሁት» አለችው፣ ከመቀመጡ በፊት። ሶፍትዌሩን ከፍታ፣ «ለእንጨት ሥራ ድርጅቶች የሚሆኑ ዝግጁ ጽሑፎች» ከሚለው ሥር ፈልጋ አግኝታዋለች። በአባቷ ስም ቦታ ላይ ባዶ ሳጥን አለ፤ «የመሥራቹን ስም እዚህ ያስገቡ» ይላል።

ሳቁ ከፊቱ ላይ ለመውረድ ጊዜ ወሰደበት።

«እሱን... ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ?»

«አለቃችን የሚነበብ ናሙና አምጡ ብሎ ወጥሮ ያዘን። የሌላው ሰው ሁሉ ደረቅ ወረቀት ነው፤ ያንቺ ግን ልብ ይነካል። ስለወደድኩት እኮ ነው!»

«የስንጥሩንስ የት አነበብከው?»

ዝም አለ። ያ የወደደችው ዝምታ ነበር፤ አሁን ስታየው ምንም የለበትም።

«ስሙን እኮ አጥፍቼዋለሁ!» አለ በመጨረሻ። «ማንም ያንቺ መሆኑን እንዳያውቅ ብዬ።»

«ከአባቴ የቀረኝ እኮ ስሙ ነበር።»

«ዛሬውኑ አስነሳዋለሁ። እሱ ምን ችግር አለው...»

«ስንት ድርጅት ወስዶታል?»

መልሱን ለመስጠት ጫማውን ማየት ነበረበት። «አርባ አንድ።»

አርባ አንድ። ቆጥረው የማይጨርሱት ሰው አባቷን ይዞ በየቢሮው እየዞረ ነው።

«እናቴ እኮ እሁድን እየጠበቀች ነው» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። እውነት ሳይወዳት አልቀረም። ክፋቱ እሱ ነው።

«ሰላም በልልኝ። እሁድ ግን አትምጡ።»

ወሩ አለቀ። አጎቷ ሰንጠረዡን አምጪ አላት። አንድም ነጥብ አልቀየረችም፤ ለሙያዋ ያላት ክብር አልፈቀደላትም። የሙከራው ሶፍትዌር ከመቶ ሰማንያ ዘጠኝ፣ የሌላው ስድሳ ሁለት።

አጎቷ ወረቀቱን አየ፤ የገረጣ ፊቷን አየ። ያወቀውን ያህል አውቋል።

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለ ለራሱ ያህል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስድሳ ሁለትም ማለፊያ ነጥብ ነው፣ ልጄ።»

«ቀርፋፋ ነው እኮ ጋሼ።»

«እኛስ መቼ ፈጠንን?»

ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋላት።

የሙከራውን ሶፍትዌር ከፍታ «የተጠቃሚ ሒሳቤን ሰርዝ» የሚለውን ተጫነች። ስክሪኑ ላይ ጥያቄ መጣ፦ «በመለየትዎ እናዝናለን። ምክንያትዎ ምንድነው?» ከሥሩ ምርጫዎች ተደርድረዋል፦ ዋጋው ተወደደብኝ፤ አጠቃቀሙ ከበደኝ፤ የተሻለ አገኘሁ፤ ሌላ።

የምትጽፈው መልስ መጀመሪያ የሚደርሰው ለሻጩ ለሙከራው እንደሆነ ታውቃለች። «ሌላ» የሚለውን መረጠች። ብዙ ጻፈች፤ ሰደበችው፤ ለመነችው፤ ሁሉንም አጠፋችው። በመጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተወች፦

«ላንተ ብቻ ነበር የነገርኩህ።»

ላከችው። ስክሪኑ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ መለሰላት፦ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን።»

ከሃያ ስድስተኛው ቀን ጀምሮ አፍና የያዘችውን እንባ ያን ጊዜ ለቀቀችው።