ያስገባሁት አድራሻ

ፍሬዘርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያናገርኩት ተቆጥቼ ነው። እሁድ ከአምልኮ በኋላ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቸርቻችን አዳራሽ ውስጥ ሳምቡሳ እየበላ ቆሞ ነበር።

«ሲስተሙን የሠራኸው አንተ ነህ?»

አፉ ሙሉ ስለነበር ራሱን በአዎንታ ብቻ ነቀነቀ።

«እማማ አሰለፈች ሆስፒታል ገብተዋል! አድራሻቸውን ቀይሬ ነበር እኮ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የቸርቻችን በጎ ፈቃደኞች መኪና የሌላቸውን አረጋውያን ሐኪም ቤት ያደርሳሉ። ማን፣ መቼ፣ ከየት እንደሚወሰድ የሚያሳየው ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ሾፌሮቹ በስልካቸው ያዩታል። ሰንጠረዡን የሠራው ፍሬዘር ነው፤ ፕሮግራመር ነው። በየቀኑ የማስተካክለው ደግሞ እኔ ርብቃ፣ ከወንዙ ማዶ ካለችው ከአሌክሳንድሪያ ከተማ። እማማ አሰለፈች ኩላሊታቸውን ይታጠባሉ። ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ወዳለው የልጃቸው የምህረት ቤት ሲዛወሩ፣ አዲሱን አድራሻ በእጄ አስገባሁ። ሾፌሩ ግን የድሮው ቤት ሄዶ በር ሲያንኳኳ ቆየ። እጥበቱ አመለጣቸው። በማግስቱ ትንፋሽ አጥሯቸው በአምቡላንስ ተወሰዱ።

ፍሬዘር ስልኩን አውጥቶ አየ።

«እዚህ የተቀየረ ነገር የለም» አለ። «ምናልባት... ሳታስገቢው ረስተሽው ይሆናል።»

አነጋገሩ ክፋት አልነበረውም። ግን ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምህረትም እዚያው ነበረች። ፊቷን አዙራ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች... እሱ ነው የገደለኝ።

መኪናዬ ውስጥ አለቀስኩ። ከዚያ እንባዬን ጠረግኩ። አስገብቻለሁ! እንዳስገባሁም አውቃለሁ!

ሰኞ ከሥራ መልስ ኮምፒውተሬን ከፈትኩና ስልኬን ቪዲዮ እንዲቀርጽ አድርጌ ፊት ለፊቱ አቆምኩት። አድራሻውን ጻፍኩ። ቁልጭ ብሎ ታየ። ከዚያ እንደ ልማዴ የአሌክሳንድሪያን ሰዎች ብቻ እንዲያሳየኝ አዘዝኩት። ተመልሼ ሳይ የድሮው አድራሻ ቁጭ ብሏል! ደገምኩት፤ ያው ነው። ቪዲዮውን ያለ አንዲት ቃል ለፍሬዘር ላኩለት።

ወዲያው ኮል አደረገኝ።

«ርብቃ... ጥፋቱ የኔ ነው። አንቺ የምትጽፊው ገጹ ላይ ብቻ ነው የሚቆየው። ሰንጠረዡ እንደገና ሲከፈት የድሮውን ያመጣና ያንቺን ይጥለዋል። ሴቭ የሚያደርገውን ክፍል በደንብ አልሠራሁትም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ይቅርታው ለብቻዬ ነው? የወቀስከኝ እኮ ሰው ፊት ነው!»

«ልክ ነሽ» አለኝ።

በቀጣዩ እሁድ፣ ማስታወቂያ ሲነገር ማይክ ጠይቆ ተቀበለ። «ርብቃ አድራሻውን በትክክል አስገብታለች። ያጠፋው የኔ ሥራ ነው» አለ። ሰበብ አልጨመረም። ምህረት ከኋላዬ መጥታ አቀፈችኝ።

ከሰዓት እማማ አሰለፈችን ልጠይቅ ሆስፒታል ስሄድ ፍሬዘር ቀድሞኝ ደርሷል። አልጋቸው አጠገብ አቀርቅሮ ቆሟል።

«እማማ፣ እጥበቱን ያስቀረሁብዎት እኔ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩት። «መኪና አለህ ልጄ?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው ያበላሸኸው እስኪቃና አንተ ታመላልሰኛለህ።»

«እሺ እማማ!»

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ማለዳ እየተነሣ፣ በዚያ ሁሉ ትራፊክ አመላለሳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሰንጠረዡን ለማስተካከል እኔና እሱ አሌክሳንድሪያ ላይብረሪ ውስጥ መገናኘት ጀመርን።

«እኔ የምሞክረው እንደ ሠሪ ነው» አለኝ። «አንቺ እንደምትጠቀሚበት አድርጊና አበላሺልኝ።»

አበላሸሁበት! ጽፌ ሳልጨርስ ገጹን ዘጋሁ። ኢንተርኔቱን አጠፋሁ። አንድ ቀን ደግሞ ሁለታችንም አንዱን መስመር እኩል ስንቀይር የሱ የኔን ዋጠው።

«አየህ! ዛሬም አጠፋህብኝ!»

ሳቀ። ቀና ብሎ አየኝ... ቶሎ ደግሞ አቀረቀረ። «ሁለት ሰው ሲነካው እንዲጠይቅ አደርገዋለሁ። የማንንም ዝም ብሎ አይጥልም» አለ።

ያን ቀን ቤቴ ስገባ ፊቱ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ።

በመጨረሻ ሰንጠረዡ ሠራ። ጽፌ ስጨርስ «ተቀምጧል» ይለኛል፤ ካልተቀመጠ በቀይ ይነግረኛል። ገጹን ዘግቼ ከፈትኩ፤ የጻፍኩት አለ። ለምህረት ደውዬ በሷ ስልክ እንድታየው አደረግኩ፤ አለ! ከደስታዬ ብዛት ጮህኩና የላይብረሪዋ ሠራተኛ ተቆጣችን።

ከዚያ በኋላ ፍሬዘር ጠፋ። አይደውል፣ ቴክስት አያደርግ፤ ቸርችም ከአምልኮ በኋላ አይቆይ። እማማ አሰለፈችንም ሌላ ሾፌር ተረከባቸው። «ለካ ለሥራው ብቻ ነበር» ብዬ አዘንኩ። ግን አዝኖ መቀመጥ አልሆነልኝም። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተነሥቼ የወንዙን ድልድይ ተሻገርኩ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማው በር ላይ ደወልኩ።

ሲያየኝ ደነገጠ። «ምነው? ሰንጠረዡ ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። አንተ ለምን ጠፋህ?»

«ሥራው አለቀ... ምን ብዬ ልደውልልሽ? በሰው ፊት ያሳፈርኩሽ ሰውዬ ነኝ። የታገሥሽኝ ለእማማ ስትይ መሰለኝ።»

«መጀመሪያ ለሳቸው ነበር። ዛሬ ግን የመጣሁት ለራሴ ነው። እወድሃለሁ ፍሬዘር። አንተስ?»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «እኔማ ቅዳሜ ቶሎ እንዳያልቅብኝ ስጸልይ ነበር» አለኝ።

«እንግዲያው ጫማህን አድርግ። እናትና አባቴ የሚኖሩት ሎረል ከተማ ነው፤ ምሳ እዚያ ነው።»

«ዛሬ?!»

«ዛሬ!»

መንገዱን ሙሉ ሸሚዙን ሲያስተካክል፣ ምን ብሎ ሰላም እንደሚል ሲለማመድ ደረስን። አባዬ በሩን ከፈተ። ፍሬዘር ጎንበስ ብሎ ጨበጠውና የተለማመደውን ሁሉ ረሳው።

«ልጅዎን ላገባ ነው የመጣሁት!» አለው።

ስለ ጋብቻ ገና አልተነጋገርንም ነበር! አባዬ እኔን አየ፤ እኔ ፍሬዘርን አየሁ። ጆሮው ቀልቷል። ግን አላቀረቀረም።

«ይሄ በሽማግሌ ነው የሚጠየቀው፣ ልጄ» አለው አባዬ።

«ሽማግሌም እልካለሁ ጋሼ። ዛሬ ግን ራሴ ልናገረው።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ ርብቃ?»

«እሺ ነው የምለው አባዬ።»

ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ መጡ። ግንቦት ላይ ተጋባን።