ድምፅ ለቃሚው ሱቄ የገባ ቀን

እኔ ዛር፣ ቡዳ፣ ጠንቋይ ሲወራ ሰው ፊት የምስቅ ሴት ነኝ፣ ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ። ጎረቤቶቼ «አንቺ እኮ አንድ ቀን ያገኝሻል» ሲሉኝ «ካገኘኝ መስቀል እሸጥለታለሁ» እላቸው ነበር። ላሊበላ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ ባለው ዳገት ላይ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ የእንጨት መስቀል፣ የአንገት ጌጥ፣ የብራና ሥዕል እሸጣለሁ፣ ማለት እንግዳ ሲኖር ነው እንጂ ዘንድሮስ ዝንብ ነው የማባርረው።

ነገሩ የሚጀምረው ከታናሽ ወንድሜ ከመልካሙ ነው። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠሪ ነበር፣ መልካሙም ከሥሩ ተቀምጦ ነው ቀለም መበጥበጥ የተማረው። ሲጎረምስ ግን መላእክቱን ትቶ ኮሚክ መሥራት ጀመረ፣ ያ በሣጥን በሣጥን እየተሳለ ታሪክ የሚነገርበት አለ አይደል፣ እሱን። ጀግናው ከአለት አለት የሚዘል ጎረምሳ ነው፣ ገጹን ሁሉ የሞላው እሱ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሦስት ገጽ ላይ ብቻ ብቅ ብሎ የሚጠፋ አንድ ክፉ ሰውዬ ነበር። ድምፅ ለቃሚው ይባላል።

«ይኼ ሰውዬ ድሮ የቅኔ ተማሪ ነበር» አለኝ መልካሙ። «አገሩን ለቆ እንደወጣ ታመመና ከገደል ማዶ ሆኖ እናቱን ቢጣራ ቢጣራ አቤት የሚለው አጣ። ከዚያ ወዲህ ቅል አንጠልጥሎ ይዞራል። ሰው ተጣርቶ መልስ ያጣ እንደሆነ ጥሪውን ለቅሞ ቅሉ ውስጥ ይከተዋል።»

«የሞተ ሰው ድምፅስ?» አልኩት።

«የሞተ ሰው ምን ብሎ ይጣራል፣ እታለም? የሚለቅመው የሕያው ሰው ጥሪ ብቻ ነው።» እታለም የሚለኝ እሱ ብቻ ነው።

በእኛ ሥዕል ደግሞ ሕግ አለ፤ ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል፣ ክፉ ግን በጎኑ ነው የሚሳለው፣ በአንድ ዓይን። አባቴ «ክፉን ሁለት ዓይን ከሰጠኸው ያይሃል» ይል ነበር። መልካሙ ግን ለሰውዬው እያዘነለት መጣ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ ሳለውና አንዱን ዓይን አስገብቶ የሌላውን ቦታ ባዶ ተወው። «ሁለተኛው ዓይን ይገባዋል አይገባውም፣ ገና አልቆረጥኩም» አለ። ሳይቆርጥ ሄደ።

ደላላ ነው ከወልድያ የወሰደው፣ በበረሃ አድርጎ፣ ወደ ዓረብ አገር። «ባሕሩ ጋ ደርሻለሁ» ብሎ ደወለ፣ ከዚያ ወዲያ ጸጥ። ይኸው ሦስተኛ ክረምቱ። ናፍቆት ሲባል ቀላል ይመስላችኋል፤ እኔን የናፈቀኝ ፊቱ አልነበረም፣ ፎቶው አለኝ። ድምፁ ነው። ከጆሮዬ እየጠፋብኝ ነበር፣ ተኝቼ ላስታውሰው እሞክርና ሲያቅተኝ አለቅሳለሁ። ያቺን የመጨረሻ ገጽ ሱቄ ግድግዳ ላይ የለጠፍኳትም ለሌላ አይደለም፣ እጁ ያረፈባት ስለሆነች ነው።

በሐምሌ አጎቴ ጋሼ አራጌ ከኩልመስክ መጣ። «እህቴ፣ ልጁ የለም። ተዝካሩን እናውጣና ነፍሱን እናሳርፈው» አላት እናቴን። እናቴ እንቢ ስትል ከርማ በመጨረሻ አንገቷን ደፋች። ጠላው ተጠመቀ፣ ካህናቱ ለቅዳሜ ተጠሩ። ለእኔ ግን ፍትሐት ከተደረገለት በቃ ሞተ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ በር ሲንኳኳ እሱ ይሆን ብሎ የሚነሣ የለም።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲያበቃ ሲጀምር፣ ጉሙ ዳገቱን ወጥቶ ሱቄ ደጃፍ ቆመ። መብራትም ጠፍቶ ነበር። ከውጭ ኳ... ኳ... የሚል ነገር ሰማሁ፣ ቅል ከድንጋይ ሲነካካ የሚያሰማው ድምፅ። ፍየል ናት ብዬ አልተነሣሁም። ቀና ስል አንድ ሰው ጋቢ ተከናንቦ መስቀሎቹ ፊት ቆሟል፣ ጎኑን ሰጥቶኝ።

«ይዩ፣ የፈለጉትን ላሳይዎት» አልኩ። ፊቱን ለማየት በወዲያ በኩል ዞርኩ፣ ያው ጎኑ ነው። በወዲህ ተመለስኩ፣ ያው ጎን፣ ያችው አንድ ዓይን። ደንበኞች ጌጥ ሲለኩ የሚያዩበት መስታወት አለኝ፣ በእሱ ላየው ብል፣ ላሊበላን! በመስታወቱም ያው ጎኑ ነው።

«አንዷ ዓይኔ ቀረችብኝ» አለ ቀስ ብሎ፣ በጣቱም ግድግዳው ላይ ያለችውን ገጽ አሳየኝ።

እሪ ማለት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን ወገቡ ላይ የተንጠለጠለውን ቅል አየሁና ፍርሃቴን ሌላ ነገር በለጠው። «የወንድሜ ጥሪ... አለዎት?» አልኩት። ክፉም ቢሆን እንግዳ ነው፣ አንቱ አልኩት። ቅሉን ነቅነቅ አደረገው።

ገጿን ከግድግዳው አወረድኳት። የአባቴ ነገር ትዝ አለኝ፣ ቢሆንም ዋጋ የምጽፍበትን እስክሪብቶ አንሥቼ ባዶው ቦታ ላይ ዓይን ሳልኩ። ሥዕል የት አውቄ፣ ዶሮ የጫረችው የመሰለ ነገር ነው። ቀና ሳልል የቅሉ ውታፍ ሲነቀል ሰማሁ።

«እታለም!»

እሱ ነው። የእኔው መልካሙ። «አቤት!» አልኩ፣ ያለ የሌለ ጉልበቴን አውጥቼ፣ «አቤት ወንድሜ! አቤት!»

የጎረቤት ሱቅ ያላት በላይነሽ እየሮጠች ገባች። «ምን ሆንሽ? ማን ጠርቶሽ ነው?» አለች። ከእኔ በቀር ማንም የለም። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ሰውዬው ቆሞበት የነበረው ወለል ላይ ግን አንዲት ጠብታ ውሃ የለም። ገጿ ላይ ያች ጠማማ ዓይኔ ትኩር ብላ ታየኛለች።

ሱቁን ለበላይነሽ ጥዬ ቤት ገባሁ። «እማዬ፣ አልሞተም! ሲጣራ ሰምቼዋለሁ!» ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፣ ቅሉን፣ ዓይኑን፣ መልካሙ የሞተ ሰው አይጣራም ያለኝን።

«ይቺ ልጅ ለየላት እንዴ?» አለ ጋሼ አራጌ። «በልጅ ሥዕል ተዝካር ይቀራል?»

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣችና «ጠላውን ለጎረቤት አጠጡት። የልጄ ተዝካር የለም» አለች። ካህናቱንም ራሷ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። አጎቴ አኩርፎ በማግስቱ ወደ አገሩ ሄደ።

ያን ዕለት ማታ አጠገቤ ቁጭ አለች። «ድምፁ እንዴት ነበር፣ ልጄ? ወፍሯል? ታሞ ይሆን?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ እመኑኝ፣ አላሰብኩትም ነበር። የሰማሁት ቀጭን ድምፅ ነው። ጢም ሳያበቅል በፊት፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ዳገቱ ላይ ሆኖ ይጠራኝ የነበረበት የልጅነት ድምፁ። ያኔ በየትኛው ቀን ተጣርቶኝ ሳልመልስለት እንደቀረሁ እንጃ። ዛሬ ይኑር አይኑር ግን ያ ጥሪ ምንም አይነግረኝም።

«ጎርነን ብሏል፣ እማዬ» አልኳት። «ደህና ነው።»

እጄን ስማ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የበሩን መቀርቀሪያ ሳትዘጋ ነው የምትተኛው።

ገጿን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሬ ለጥፌያታለሁ። ጉም በወጣ ቁጥር ግን ደጃፌ ላይ ያ ኳ... ኳ... ይመጣል። እኔም ያለሁበት ቦታ ሆኜ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ «አቤት!» እላለሁ። በላይነሽ ትስቅብኛለች። ትሳቅ። መልስ አጥቶ የሚለቀም ጥሪ እንዳይተርፍ ብዬ ነው።