በቀን አምስት ሺህ ጎብኚ

መሐንዲሱ ሊሳንድሮስ ቬርጎስ በጥንቱ ቤተ መቅደስ ውስጠኛ አዳራሽ፣ ከእንጨት መወጣጫው ሥር፣ በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ማጅራቱ ተፈንክቷል። የግሪኳ አርካዲያ በሐምሌ ሙቀት ትነዳለችና ቅጥሩ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ለጎብኚ ይዘጋል። ሞት የገባው በዚያ መሀል ነው፤ እሱ ቲኬት አይቆርጥም።

በዚያ ሰዓት ቅጥሩ ውስጥ የነበሩት ሦስት ናቸው፦ አስጎብኚዋ ሮዶፒ፣ ለሟቹ ምሳ ያመጣው የምግብ ቤት ባለቤት ፓናጎስ፣ እና መንደሩ «ባርባ»፣ አጎቴ፣ እያለ የሚያከብራቸው ሽማግሌው ጥበቃ ስታማቲስ። ሦስቱም ሰውዬው አንሸራቶት ወደቀ ባይ ናቸው። ኢንስፔክተር ኢቫንቲያ ስካርላቱ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ የምትል ሴት ናት።

ሟቹ የጎብኚውን ቁጥር በቀን ስምንት መቶ ላይ ሊገድብ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ከፓናጎስ ጀመረች።

«ጠልተኸው ነበር?»

«አልዋሽሽም፣ ጠልቼዋለሁ። በስምንት መቶ ሰው ሦስት ምግብ ቤት ያድራል? ግን የጠላሁትን ሁሉ ብገድል ማን ይበላልኛል?»

ሮዶፒም ገደቡን እንዲተው ጠዋት ለምናው ፊት እንደነሳት ተናገረች። ባርባ ስታማቲስ ዓይናቸውን ከአምዶቹ ሳይነቅሉ መለሱ።

«ልጄ፣ ይቺ ድንጋይ ደክሟታል። ወለሉ ሥሩ ባዶ ነው። በቀን አምስት ሺህ ሰው ቢረግጠው ይሰምጣል።»

ኢቫንቲያ ሄዳ የአዳራሹን የሽቦ በር አየች፤ መቀርቀሪያው ያለው በውጭ በኩል ብቻ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሦስቱንም ደረጃው ላይ ሰበሰበች።

«ሬሳውን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛ በአሥራ አንድ ሰዓት የአዳራሹን መቀርቀሪያ ከፍታ ነው የገባችው። ሟቹ ከውስጥ ሆኖ ሊቀረቅረው አይችልም። ስለዚህ አንድ ሰው ከሞቱ በኋላ ወጥቶ ዘግቶበታል። ገድሎ የሚሸሽ ሰው በር መዝጋት ትዝ አይለውም፤ ሠላሳ ዓመት ሲዘጋ የኖረ እጅ ግን ሳያስበው ይዘጋል።»

«ባርባ ለምን ይገድሉታል?» አለች ሮዶፒ። «ሰው እንዲቀንስ የሚፈልጉት እሳቸው አይደሉ?»

ኢቫንቲያ ከሟቹ ኪስ የተገኘ ደብዳቤ አወጣች። መሐንዲሱ ተሸንፎ ነበር፤ የአዳራሹ የሽቦ አጥር ተነስቶ በቀን አምስት ሺህ ሰው እንዲገባ የዚያን ዕለት ፈርሟል።

«ፖስታው ታሽጎ ነበር፤ የከፈትኩት እኔ ነኝ። እናንተ ሁለታችሁ እስካሁን ስምንት መቶ ነው የምትሉት። አምስት ሺህ ያሉኝ ባርባ ብቻ ናቸው። ከሟቹ አፍ ሰምተውታል።»

ሽማግሌው አልካዱም።

«ጠርቶ ነገረኝ። ከላይ በረቱብኝ፣ ምን ላድርግ አለኝ። ገፋሁት። ጣት እንዳይነካት ስጠብቅ አርጅቼ…» አልጨረሱትም። አንጀት ይበላሉ፤ ግን ሟቹም የሰው ልጅ ነበር።

ከወር በኋላ ኢቫንቲያ ቃላቸውን ልታስፈርም እስር ቤት ሄደች። ባርባ ቤተ መቅደሱ ተዘግቶ እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። መዋሸት አልሆነላትም። ደብዳቤው ጸንቷል፣ አጥሩም ተነስቷል፤ ሰዉ ሬሳው የወደቀበትን ቦታ ለማየት ከአቴና ሳይቀር በአውቶቡስ እየጎረፈ ነው።

«ስንት ይገባል?» አሉ ባርባ።

«ትናንት ስድስት ሺህ።»