ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ቢጫ ከረጢት

«ይሄ ኮምፒውተር ታሟል» አለ ጂያንሆንግ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ታሞም አርፎ አልተቀመጠም። እናንተ ሳታውቁት ለዓለም ሕዝብ ቆሻሻ ኢሜይል ሲበትን ነው የከረመው።»

ፔይሻን ከኋላው ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ጂያንሆንግ ወደቡ አጠገብ ሱቅ ከፍቶ ኮምፒውተር የሚጠግን የጎረቤት ልጅ ነው። የጠሩትም ኢንተርኔቱ ስለተንቀራፈፈ ብቻ ነበር።

«ቢበትንስ? እኛን ምን ጎዳን?» አሉ አያቷ፣ አማ።

«ጎዳችሁ እንጂ። ኢንተርኔት ላይ እያንዳንዱ ቤት እንደ ቤት ቁጥር ያለ አድራሻ አለው፣ አይፒ የሚባል። የእናንተው ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ከዚህ ቤት የወጣ ኢሜይል በየደረሰበት በር ተዘግቶበታል። ይኸው፣ ተመላሹን እዩት።»

ፔይሻን ጎንበስ አለች። በማታውቃቸው ቋንቋዎች የተጻፉት ተመላሾች ተግተልትለዋል። ቀድሞም አይታቸው፣ የማይረቡ መስለዋት ሳታነብ አልፋቸው ነበር። ከመሀላቸው አንዱ የአጎንግ መልእክት ነው።

አጎንግ፣ የአማ ባል፣ ካረፉ ገና ወር አልሞላቸውም። የፔይሻን አባት ቱና ዓሣ ለማጥመድ ሩቅ ባሕር ሲወጣ፣ «ከሄድክ አትመለስ» ብለውት አባትና ልጅ እንደተኳረፉ ነበር የተለያዩት። ሕመሙ ሲጠናባቸው ግን ፔይሻንን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው ወደ መርከቡ መልእክት አስጻፏት። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት በገባች ቁጥር፣ «መልስ መጣ?» ይሏታል። አልመጣም። በኋላ መጠየቁንም ተዉት፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መዋል ጀመሩ። ልጄ አልፈልግህም አለኝ እንዳሉ ሞቱ። ፔይሻንም ያን ጊዜ አባቷን ጠላችው።

«ግን ልጄ፣ በሽታው በምን ገባ?» አሉ አማ።

ፔይሻን ታውቃለች። ጨዋታ ላይ የክፍሏን ልጆች ለመብለጥ አንዱ የሰጣትን የማጭበርበሪያ ፕሮግራም ጭናለች፤ ጸረ ቫይረሱ አላሳልፍም ቢላት እሱኑ አጠፋችው። ጂያንሆንግ ዞር ብሎ አያት። የገባው ይመስላል። ሊያሳጣት ስላልፈለገ ግን ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠውን የቺፕስ ከረጢት አንስቶ ሳቀ።

«በምን ይገባል! ቢጫ ነው እንዴ ያስቀመጡት? አማ፣ ይሄማ ጠብ ያለሽ በዳቦ ነው።»

በአገራቸው ልማድ ማሽን ባለበት ሁሉ፣ ባንክም ይሁን ሆስፒታል፣ ያ ቺፕስ ይቀመጣል፤ ማሽኑ ጨዋ እንዲሆን። ግን አረንጓዴው ነው። ቢጫው ማሽን ያሳምፃል ይባላል።

«አረንጓዴው አልቆ ነበር» አሉ አማ ቀስ ብለው። «ምን ለውጥ አለው ብዬ...»

ጂያንሆንግ ቀልዱን እዚያው ረስቶ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ወጣ። አማ ግን አልረሱትም። ቢጫውን ከረጢት በሁለት እጃቸው ይዘው ሟች የሚታሰብበት፣ የአጎንግ ፎቶ ያለበት የቤቱ መሠዊያ ፊት ቆሙ።

«አንተ ሰውዬ» አሉት ፎቶውን። «ልጅህ አልጨከነብህም። መልእክትህ አልደረሰውም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ቢጫውን የገዛሁት እኔ ነኝ።»

ፔይሻን ተገላገልኩ ብላ አሰበች። ወዲያው በራሷ አፈረች። አማ ለባላቸው አልቅሰው ሳይጨርሱ እንደገና ሊያለቅሱ ነው፣ ያውም በሰው ጥፋት። ቢሆንም አፏ አልከፈት አላት።

ስልኩ ጮኸ። አባቷ ነው። የአጎንግን ሞት በመርከቡ ሬዲዮ ከሰማ ወዲህ መጀመሪያ የረገጠው ወደብ ላይ ደርሷል።

አማ እጃቸውን አራገቡ። «አንቺ አንሺው። በእኔ ጥፋት መሆኑን ንገሪው። እኔ አልችልም።»

ፔይሻን አነሳችው።

«ፔይሻን?» ድምፁ ጎርንኗል። «አባቴ... እስከ መጨረሻው እንደተቆጣኝ ነበር?»

አያቷን አየች። አሁንም ከረጢቱን እንደያዙ ናቸው። ድምፅ ማጉያውን ከፈተችና ስልኩን መሠዊያው ላይ፣ ፎቶው አጠገብ አኖረችው።

«አባዬ፣ አጎንግ ጽፈውልህ ነበር። መልስህን ሲጠብቁ ነው የሞቱት። ያልደረሰህ በእኔ ነው። ኮምፒውተሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ በጨዋታ። አማ ምንም አላጠፉም።»

ከአማ እጅ ከረጢቱ ወደቀ። ከስልኩ ወዲያ ማዶ የወደቡ ጫጫታ ይሰማል። ይሰድበኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢሰድባትም ይሻላት ነበር።

«ምን ብሎ ነበር?» አለ አባቷ በመጨረሻ።

ቃሉን በቃሏ ታውቀዋለች። አጎንግ ትንፋሽ እያጠራቸው እንዳስጻፏት፣ በዝግታ አለችው።

«ዓሣው ካለቀ ና። ባያልቅም ና።»

አባቷ ማልቀስ ጀመረ። አማ ወንበር ይዘው ተቀመጡ፤ ወደ እሷ አላዩም።

«ድገሚልኝ» አለ።

ፔይሻን ደገመችለት።