የዴቫሌካ ድምፅ

ዴቫሌካ የወደቀችው በመኝታ ቤቷ በርና በመስተዋቷ መካከል ነበር። ለጋ ኮኮናት የሚቀነጠስበት ገጀራ አጠገቧ ተጥሏል። ምቱ ሁሉ ያረፈው አንገቷ ላይ ነው፤ መላው የሕንድ ኬረላ ግዛት በየሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ተስሎ የሚያውቀውን ፊቷን አንዱም አልነካውም። ኢንስፔክተር ቻንዱ ኩሩፕ ጎንበስ ብሎ ደሙን አስተዋለ። ጠርዙ ጠቁሮ ረግቷል፤ ጉንዳኖችም በላዩ መንገድ አበጅተዋል።

«መጀመሪያ የገባኸው አንተ ነህ?» ሲል በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ ጠየቀው።

«አዎን ጌታዬ። መንገድ ዳር ቆሜ ጩኸቱን ሰምቼ ሮጥኩ። ያኔም ጉንዳን ወሮት ነበር።»

ከግቢው ውጭ ሕዝቡ በዝናብ ውስጥ ይጮኻል፤ የሚወረወረው ድንጋይ የጣሪያውን ሸክላ ይሰባብራል። የሚፈልጉት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሟቿን ታናሽ ወንድም ባርጋቫንን። እሱ በካቴና ታስሮ ሳሎኑ ወለል ላይ ተቀምጧል። ከሕዝቡ እጅ ሲነጠቅ ጥርሱ ወልቆ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ፖሊሶቹ ይዘውት እንዳይወጡ ሕዝቡ መኪናቸውን በር ላይ አቃጥሎታል፤ ተጨማሪ ኃይል ደግሞ ጎርፍ ከቆረጠው መንገድ ማዶ ቀርቷል። ኩሩፕ ገዳዩን ቶሎ ካላወቀ የግቢው በር መሰበሩ፣ ባርጋቫንም መሞቱ አይቀርም።

ዘበኛው ኩታፓን ሥራ ከያዘ ሳምንት አልሞላውም።

«አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁና በሯን አንኳኳሁ። ‹እትዬ፣ ደህና ነዎት?› አልኩ።»

«ምን አለች?»

«‹ደህና ነኝ፣ ብርጭቆ ነው የወደቀው። ወንድሜ ሲመጣ አስገባውና ሂድ› አለችኝ። ቆይቶ መጣ፤ ገባ፤ ወዲያው ደም በደም ሆኖ እየጮኸ ወጣ። እስከዚያ ድረስ በእኔ በር ከእሱ በቀር ማንም አልገባም።»

«ድምፁ የእሷ መሆኑን በምን አወቅህ?»

ኩታፓን ቅር አለው። «ጌታዬ፣ እኔ እኮ ለእሷ ፊልም ትኬት ስል ራት ሳልበላ ያደርኩ ሰው ነኝ። የእናቴን ድምፅ ብረሳ የእሷን አልረሳም።»

«እዚህ ከተቀጠርክ ወዲህስ አነጋግራህ ታውቃለች?»

«እኔን? ትልልቅ ሰዎች ከዘበኛ ጋር ያወራሉ እንዴ? በእጇ ምልክት ነው የምታዘኝ።»

ኩሩፕ ወደ ሳሎኑ ተመለሰ። ፕሮዲዩሰሩ ቻኮ ቆሞ ያጨሳል። መስኮቱ አጠገብ አንገቷን በወፍራም ሻርፕ የጠቀለለች ቀጭን ሴት ተቀምጣለች፤ ቻኮ «ትሬሲያ ትባላለች፣ የስቱዲዮአችን ሠራተኛ ናት» ብሎ ነበር ያስተዋወቃት። ሁለቱም ዜናውን ሰምተው፣ ሕዝቡ ግቢውን ሳይከበው እንደመጡ ተናግረዋል።

«አሞዎታል?» አላት ኩሩፕ።

«ጉንፋን ነው ጌታዬ» አለች በሹክሹክታ።

ኩሩፕ ከሟቿ መስተዋት ሥር ያገኘውን ቴፕ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ ቁልፉን ተጫነ። የአንዲት ሴት ድምፅ፣ እንደ ዛገ በር የሻከረ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ይደጋግማል፦ «ካንተ ቤት የምወጣው በእግሬ ነው። ካንተ ቤት የምወጣው በእግሬ ነው።»

«አቶ ቻኮ፣ ይህች ማን ናት?»

«እኔ ምን አውቄ? ወጥ ቤት የምትሠራ አሮጊት ትሆናለች።» ቻኮ አዲስ ሲጋራ ሊያቀጣጥል ሲል ክብሪቱ እጁ ላይ ተሰበረ።

ባርጋቫን ግን ወለሉ ላይ ሆኖ ያለቅስ ነበር። «ታንካማ ናት» አለ፤ ለዴቫሌካ እናቷ ያወጣችላት ስም ይህ ነበር። «ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን አሟት እንዲህ ሆና ቀረች። የኮኮናት ገመድ ስንፈትል ሴቶቹ ቁራ ይሏት ነበር። በቤተ መቅደስ በዓል ስትጨፍር እኚህ ሰውዬ አይተው ወሰዷት። መልኳን ገዙ፤ አፏን ዘጉ። በሰው ፊት አትናገሪም ብለው አስፈረሟት።»

ኩሩፕ ዘበኛውን አስጠርቶ በሩን ዘጋ።

«ባርጋቫን ሲገባ ደሙ ረግቶ ነበር፤ እሱን የነካው ሬሳዋን ሲያቅፍ ነው» አለ። «ሟቿ የሞተችው እሱ ሳይመጣ ነው። ኩታፓን ግን ከበሩ ጀርባ ዴቫሌካን ሰምቷል፤ አልዋሸም። የሰማው የሲኒማዋን ዴቫሌካ ነው። እውነተኛዋ ይህች፣ ቴፑ ውስጥ ያለችው ናት።»

«ይሄ የእትዬ ድምፅ? አይሆንም ጌታዬ» አለ ኩታፓን።

«እሷ ነበረች። አቶ ቻኮ፣ በፊልሞችዎ ውስጥ ለእሷ የምትናገርላት ማን ናት?»

የቻኮ ዐይን ሳያስበው ወደ መስኮቱ ሄደ። «ፊልሙ ላይ ስሟን ጽፈን አናውቅም። ሕዝቡ ካወቀማ ሲኒማ ማን ይገባልናል?»

«አዲሱ ፊልም ተቀርጾ አልቋል» አለ ኩሩፕ፤ «የቀረው ድምፁ ነው። ዴቫሌካ በራሴ ድምፅ ካልሆነ አይሆንም አለች። ቴፑ የልምምድ ቴፕ ነው።»

«አዎን፣ አለች። አበድሽ ወይ ብዬ ለመንኳት።»

«ጓሮው ቦይ ነው፤ በታንኳ የመጣን እንግዳ የበር ዘበኛ አያየውም። ገጀራውም ያረፈው ጉሮሮዋ ላይ ብቻ ነው። እትዬ ትሬሲያ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ከሹክሹክታ በላይ አልተናገሩም።»

«ማስረጃ የለዎትም» አለች ሴትየዋ፣ አሁንም በሹክሹክታ።

«የለኝም። ማስረጃው ያለው ከዚያ ሻርፕ ሥር ነው።»

ያን ጊዜ የግቢው በር ተገነጠለ። ወንዶች በረንዳውን ሞሉት፤ የሳሎኑ መዝጊያ ተሰብሮ ወደቀ። ባርጋቫንን በፀጉሩ ጎትተው አወጡት። አንዱ ክንዱን ረግጦ ሰበረው፤ ሌላው በዱላ ዐይኑ ላይ መታው። ኩሩፕ ወደ ሰማይ ተኮሰ፤ በጩኸቱና በዝናቡ መካከል ጥይቱን የሰማው አልነበረም። አንድ ግዙፍ ሰው የግድግዳ ድንጋይ በሁለት እጁ ከባርጋቫን ራስ በላይ አነሣ።

«ልቀቁት።»

ድምፁ ለስላሳና ሙሉ ነበር። በየሠርጉ ድምፅ ማጉያ፣ በየሻይ ቤቱ ራዲዮ ሲሰሙት ያደጉት ነው። ድንጋዩ አየር ላይ ቆመ። ሙት ስትናገር የሰማ መስሎት አንድ ሽማግሌ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

ትሬሲያ ሻርፑን ጥላ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። «እጃችሁን ከእሱ ላይ አንሱ» አለች። «እሱ አይደለም። እኔ ነኝ የገደልኳት።»

«ይህ ነው» አለ ኩታፓን። «የሰማሁት ይህን ነው።»

ሕዝቡ ለጊዜው ፊቷን ብቻ አየ፤ ከዚህ ፊት ያ ድምፅ መውጣቱን ማመን አቃተው። ኩሩፕ ከማመናቸው በፊት ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ በጓሮ በኩል በዚያው ሰዓት በደረሰች የፖሊስ ታንኳ ላይ አሳፈራት።

«ለምን ተናገሩ?» አላት ካቴናውን ሲያጠልቅላት።

«ወንድሟን እንደምትጠብቅ ነግራኝ ነበር፤ እሱን አስገባ ብዬ ለዘበኛው የመለስኩት በድንጋጤ ነው። ሲያርዱት ግን እያየሁ መቀመጥ አልቻልኩም።» ጉሮሮዋን ዳሰሰች። «ሥራዬን እንዳትነጥቀኝ ልለምናት ብመጣ ‹ድምፅሽን ይዘሽ ሂጂ› አለችኝ። ወዴት ይዤው ልሂድ? ገበያ ውስጥ ስናገርበት ልጆች ዴቫሌካን አስመሰለች ብለው ይስቁብኛል።»

ባርጋቫን አንድ ዐይኑን አጥቶ ተረፈ። ፊልሙ በተከታዩ ኦናም፣ በኬረላ የመኸር በዓል፣ ታየ፤ ለዴቫሌካ ድምፅ የሰጠችው ከማድራስ ከተማ የመጣች ሌላ ሴት ነበረች።