ከያዮ የመጣው ደብተር

«አንደኛ አንቺ ነሽ! አራት መቶ አሥራ ሁለት ቃል! አቦ፣ ፏ በይ እንጂ!» የክበብ ጓደኛዋ ብሥራት ከኮምፒውተሩ ዘወር ብሎ አጨበጨበላት።

ዳናዊት ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ፊቷ ግን እምቢ አላት።

የመቱው ትምህርት ቤታቸው የኮምፒውተር ክበብ የኦሮምኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለስልክ እየሠራ ነው። በነጻ የሚሰጥ፣ አሠራሩም ለማንም ክፍት የሆነ ነው፤ የፈለገ ገብቶ ቃል ይጨምራል፣ የተሳሳተውን ያርማል። ማን ስንት እንደጨመረ ደግሞ ማሽኑ ይቆጥራል። የክበቡ ኃላፊ መምህር ሙሐዲን ዘንድሮ ብዙ ላበረከተው ላፕቶፕ አስገኝተዋል። ያገለገለ ነው፤ ቢሆንስ! በእነዳናዊት ቤት ከእናቷ የስፌት መኪና በቀር ሌላ ማሽን የለም። ነገ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል በተማሪው ሁሉ ፊት ስሟ ሊጠራ ነው።

ቃላቱ ግን የእሷ አልነበሩም፤ የጃለኔ ናቸው። ጃለኔ እስከ አምና ድረስ አብራት አንድ ዴስክ ላይ ትቀመጥ ነበር። አባቷ ቀፎ ሲሰቅሉ ከዛፍ ወድቀው አልጋ ላይ ሲቀሩ ትምህርቷን አቋርጣ እሳቸው ወዳሉበት ወደ ያዮ ገባች። እዚያም ዝም አላለችም፤ የንቡን፣ የማሩን፣ የጫካውን ቃል ከአባቷ አፍ እየለቀመች በደብተር ጻፈች። ደብተሩን በሚኒባስ ረዳት ላከችላት፤ ዳናዊትም ሦስት ሳምንት ሙሉ ጣቷ እስኪደነዝዝ እየጻፈች አስገባችው።

ቅጹ ላይ ሁለት ቦታ አለ፤ አንዱ «ጸሐፊ»፣ ሌላው «አስገቢ» ይላል። የመጀመሪያው ባዶ ከሆነ ማሽኑ የአስገቢውን ስም ይደግምበታል፤ የሚቆጠረውም በጸሐፊው ስም ነው። በመጀመሪያው ቀን ተቻኩላ ረሳችው። በማግስቱ አየችው፤ አይታም አለፈችው። «ሲያልቅ አስተካክለዋለሁ» አለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ስልኳ ጮኸ። ጃለኔ ነበረች፣ በጎረቤት ስልክ።

«አካም ጅርታ፣ ዳኒ? ደብተሩን አስገብተሽ ጨረስሽ?»

«ጨርሻለሁ። ሁሉንም አስገብቻለሁ።»

«እሰይ! አባዬ እኮ ነው የሚጨቀጭቀኝ። ከወደቀ ወዲህ ከሰው ጋር ማውራት ትቶ ነበር። አሁን በየቀኑ ‹ስምሽ ወጣ ወይ?› ይለኛል። ምን ልበለው?»

ዳናዊት አፈረች፤ ጃለኔ የምታያት ይመስል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ነገ ጠዋት ይወጣል በይው» አለች።

ስልኩን ዘጋችና ብሥራት አጠገብ ሄዳ ቆመች። «ተነሣ እስቲ፣ ቦታውን ልቀቅልኝ።»

ከላይ ያለችውን የመጀመሪያዋን ቃል ከፈተች። ጋጉራ፤ የንብ ቀፎ። ጸሐፊ፦ ዳናዊት። ስሟን አጥፍታ «ጃለኔ» ብላ ጻፈችበት።

ብሥራት ጎንበስ ብሎ አየና ደነገጠ። «ምን እየሠራሽ ነው? አብደሻል? ላፕቶፑስ?»

ዳናዊት ከቦርሳዋ ጠርዙ የተበላውን ደብተር አውጥታ ዘረጋችለት።

«አራት መቶ አሥራ አንድ ይቀራል» አለችው። «መብራት ሳይሄድ ቃላቱን በተራ አንብብልኝ፣ ስሙን ልቀይር።»